የግልገሏ ሾፌር

ሐይቅ ከተማ ገብቶ «የዘይኑልአቢዲን ቤት የት ነው?» ያለ ሰው የሚያሳየው አያገኝም ነበር። «ዘይኑ ሾፌሩ» ያለ እንደሆነ ግን ከገበያው እስከ ውኃው ዳር ጣቱን የማይቀስር አልነበረም። ሾፌር ያሰኘው መኪና እንዳይመስላችሁ። መሪ ጨብጦ አያውቅም፤ በአውቶቡስ ደሴ ደርሶ ሲመለስ እንኳ መንገድ ላይ የሚያስታውከው ሰው ነው። ሾፌርነቱ የውኃ ላይ ነበር፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አልዘለለም። መዘዙ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

አባቱ የታንኳ ሰው ነበሩ፤ ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ ጠፍረው የሚቀዝፉ። ዘይኑም ከእሳቸው መረብ መጣሉንና ወሬ ማብዛቱን ወረሰ። ከሁሉ በፊት የተማረው ግን የደንገሉን ሕግ ነው። ይህን ሕግ ማንም ጽፎ አልሰጣቸውም፤ የሐይቁ ሰው ግን እስላሙም ክርስቲያኑም ያከብረዋል። ታንኳ ይዞ ደንገል ውስጥ የሚገባ ሰው መጀመሪያ ማንኳኳት አለበት። ውስጥ ማን እንዳለ በምን ይታወቃል? ገላዋን የምትታጠብ ሴት ትኖራለች። ውዱእ የሚያደርግ ሽማግሌ ይኖራል። ሐይቁ ላይ ካለው ገዳም የወረደ መነኩሴ ያጠባት አንዲት ልብሱ እስክትደርቅለት ራቁቱን ተቀምጦ ይሆናል። «ማነው?» ብሎ መጣራት አይቻልም፤ ሴቲቱ ለባዕድ ወንድ ድምፅዋን እንድታሰማ ማስገደድ ነውር ነው። ስለዚህ መጪው ዓሣ የሚያደነዝዝባትን አጭር ዱላ ያነሣና የመቅዘፊያውን እንጨት ይመታል። ውስጥ ያለው ደግሞ በያዘው ነገር አንድ ጊዜ መትቶ «አለሁ» ይላል። መጪውም ይመለሳል ወይም ይጠብቃል። ሰምቶ ያልመለሰ እንደ ሌባ ይቆጠራል።

እያንዳንዱ ቀዛፊ የራሱ አመታት አለው። ዘይኑ ሁለቴ አከታትሎ፣ ትንሽ ቆየት ብሎ ደግሞ አንዴ ይመታ ነበር። አንድ ልጁ ሐሰን ይህቺን አመታት ያወቃት «አባዬ» ማለት ሳይጀምር ነው። ከሦስት እህቶች ሞት በኋላ የተረፈ ልጅ ስለነበረ እናቱ ፈዲላ ከዓይኗ አታርቀውም፤ ዘይኑ ግን ገና በስድስት ዓመቱ ታንኳ ላይ ጭኖት ወጣ።

የሰባ ሰባቱ ረሃብ ጋብ ካለ በኋላ አንድ ፈረንጅ የዓሣ ባለሙያ ወደ ሐይቅ መጣ። ትልቅ ነጭ ጀልባ ይዞ ነበር የመጣው፤ ትልቋ ጀልባ ደግሞ ከኋላዋ ትንሽ ጀልባ ታስከትላለች። ትልቋ ጥልቅ ውኃ ላይ ስትቆም ሰው ወደ ዳር የሚመላለሰው በትንሿ ነው። የአገሬው ሰው ትንሿን ወዲያው «ግልገል» አላት። ስም በማውጣት ወሎን ማን ይቀድመዋል!

መጀመሪያ ግልገሏም እንደ እናቷ ቤንዚን ጠጪ ነበረች። ጩኸቷ የገዳሙን መነኮሳት አስመረረ። «በጸሎታችን መካከል ታጓራለች፤ የምንጠጣውም ውኃ ላይ ዘይት ትተፋለች» ብለው ሽማግሌ ላኩ። ፈረንጁም ሰው አክባሪ ኖሮ አገሩ ሄዶ ሲመለስ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር ይዞ መጣ። አቤት ቅለቱ! በብብት ይዘው እንደ ጠቦት ያዞሩታል። በሁለት ብሎን ከጀልባዋ የኋላ ሳንቃ ጋር ያጣብቁታል፤ ሽቦውን ከመኪና ባትሪ ጋር ያገናኙታል፤ እጀታውን ጠምዘዝ ሲያደርጉት ግልገሏ ውኃውን ሰንጥቃ ትሄዳለች። ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ። ከበደ ቢባል የከበደው ባትሪው ብቻ ነበር።

ፈረንጁ ከቀዛፊዎቹ ሁሉ ዘይኑን መረጠ። ያሠለጠነውም እሱን ነው፤ ባትሪውን በግቢው ጄኔሬተር እንዴት እንደሚሞላ፣ እጀታው በግማሽ ሲጠመዘዝ ኃይሉ እንዴት እንደሚበረክት፣ ሣር ሲጠመጠምበት ሞተሩን ወደ ላይ ገልብጦ በቢላ እንዴት እንደሚያጸዳው። ዘይኑ ፊደል ባይቆጥርም ይህን ሁሉ በሳምንት ጨርሶ ያዘ። በሰባ ዘጠኝ ፈረንጁ ትልቋን ጀልባ ይዞ ሲሄድ ግልገሏን ለዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ትቶ ሄደ፤ ዘይኑም በማኅበሩ ስብሰባ ሾፌር ተብሎ ተሾመ።

ከዚያ በኋላ ሰውዬው ሰው መሆኑ ቀረ። ሞተሩን በትከሻው ተሸክሞ፣ ባትሪውን በአህያ አስጭኖ በገበያው መካከል ያልፋል፤ ቋጥኙን ሁሉ የፈነቀለ ይመስል። መንገድ ሊያሳጥር ይችል ነበር፤ ማሳጠር ማን ፈለገ! ማታ ማታ ሞተሩን በኩታው ጫፍ ይወለውለዋል። ፈዲላ አንድ ቀን አላስችል ብሏት፣

«ጣውንት አመጣህብኝኮ! ለመሆኑ የኔን ፊት አንድ ቀን በኩታህ ጠርገህልኝ ታውቃለህ?» አለችው።

«ያንቺ ፊት ዝገት አይፈራ!» አላት። ሐሰን ሳቁ አፍኖት ወደ ውጭ ወጣ።

ዘይኑን የጣለው ግን ይህ ሁሉ አይደለም፤ ምላሱ ነው። አንድ ቀን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ኑርዬ ከአውራጃው የመጣ ካድሬ ይዞ ውኃው ዳር ወረደ። ኑርዬና ዘይኑ አብሮ አደጎች ናቸው፤ በአንድ መድረሳ ቁርአን ቀርተዋል። ኑርዬ ግን ሹመት ከያዘ ወዲህ ሰላምታውን በአገጩ ሆኗል የሚሰጠው። «እንግዳችን ሞተሯን ይይ» አለ። ዘይኑ እንግዶቹን ጭኖ ወጣና እጀታውን በትንሹ ከፈተ። ይብራ የሚባሉት የውኃ ወፎች ውኃው ላይ ተኝተዋል። ግልገሏ መካከላቸው ገብታ አንዷን ይብራ በእጁ ሊነካት ሲል ነው የበረገገችው።

«አያችሁ!» አለ፣ ደረቱ ተነፍቶ። «ወላሂ፣ ዓሣ እንኳ አይሰማትም! ደንገል ውስጥ የተኛን ሰው ትራሱን ነጥቄው ብሄድ አይነቃም።»

ካድሬው ሳቀ። ቀጥሎም ሣር ቢጠመጠምባትስ ብሎ ጠየቀ፤ ዘይኑ ሞተሩን ገልብጦ በቢላ ሲያጸዳ አሳየው። ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል አለ፤ ነገረው። ሰውየው ዓሣ ወዳድ መሰለው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት እንዲህ ነው፤ ማንም ሳይጠይቀው የሰው ትራስ ምን አስነሣው?

በ1980 መጋቢት ሰሜን ላይ ጦሩ ተመታ የሚል ወሬ በሹክሹክታ መጣ፤ አፈሳውም ጠና። ለገበሬ ማኅበሩ ሃያ ሰባት ወጣት እንዲያቀርብ ትእዛዝ ደረሰው። ከገበያ፣ ከማሳ፣ ከሠርግ ቤት ተለቅሞ ሃያ አንድ ሞላ፤ ስድስት ጎደለ። ሐሰን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት ነበር። ዘይኑ ነገሩን ገና ሲሰማ ልጁንና የወይኒቱን ልጅ ታረቀኝን በአንድ ታንኳ ጭኖ ከገዳሙ ማዶ ባለው ወፍራም ደንገል ውስጥ ደበቃቸው። ታረቀኝ የጎረቤት ልጅ ነው፤ እናቱ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያለ እሱ ሰው የላትም። ኮታው እስኪሞላ እዚያው ሊቆዩ፣ ከዚያ ሐሰን ባቲ አክስቱ ዘንድ ሊሄድ ተመከረ። ታረቀኝም አብሮት።

ሦስት ሳምንት ቆዩ። ሚሊሻዎቹ በታንኳ ይፈልጓቸዋል፤ ግን የመቅዘፊያ ጭልፍታ በጠዋት ውኃ ላይ ከሩቅ ነው የሚሰማው፤ ሰዎቹ ሳይደርሱ ልጆቹ ወደ ውስጥ ይሰርጋሉ። ዘይኑ በሦስት ቀን አንዴ መረብ የሚጥል መስሎ፣ ቂጣና ቆሎ በአገልግል ይዞ፣ በራሱ ታንኳ ይሄዳል። ደንገሉ አፍ ላይ ሁለቴ፣ ቆየት ብሎ አንዴ ይመታል። ከውስጥ አንዴ ይመለስለታል። ያቺን አንዲት «ቋ» ሲሰማ ሰውነቱ ሁሉ እፎይ ይል ነበር።

አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ ኑርዬ፣ ካድሬውና ጠመንጃ ያነገተ ሚሊሻ ደጁ ላይ ቆሙ።

«ዘይኑ፣ ግልገሏን አውጣት» አለ ኑርዬ።

«ባትሪው ደክሟል።»

«ወላሂ በላ!»

ዘይኑ አልማለም። ኑርዬ ያውቀዋል፤ አብሮት ቁርአን ቀርቷል፤ ዘይኑ ወሬ ያጋንናል እንጂ በአላህ ስም በሐሰት እንደማይምል ያውቃል። ባትሪው ደግሞ ሙሉ ነበር፤ መቼ ጎድሎ ያውቅና! አላህ መሐሪ ነው ይባላል። ለልጅ ተብላ የተማለች አንዲት የውሸት መሐላ ምን ያህል በከበደችው ነበር? ይህን ዛሬ እኔ ተቀምጬ ማለቴ ቀላል ነው፤ ያኔ ግን ምላሱ እምቢ አለው። ያ ሁሉ የሚያወራ ምላስ!

አራት ሆነው ወጡ። ዘይኑ ግልገሏን ወደ ሌላው ዳር መራት፤ ካድሬው «ወደዚያ አይደለም፣ ወደ ገዳሙ ማዶ» አለ። አውቆ ሣር ውስጥ ነዳት፤ ሞተሩ ታንቆ ቆመ። «ተበላሸች» አለ። ኑርዬ ምንም ሳይናገር ሞተሩን ገለበጠና በቢላ አጸዳው፤ ልክ ዘይኑ እንዳሳያቸው አድርጎ። ከዚያ በኋላ ዘዴ አጣ። እጁ እጀታው ላይ፣ የሚሊሻው አፈሙዝ ጎኑ ላይ። ግልገሏ እንደ ልማዷ ትንሸራተታለች። ደንገሉ እየቀረበ መጣ፤ ልጆቹ መቅዘፊያ አልሰሙምና አይሸሹም። ቢጮህ ሚሊሻው ይተኩሳል፤ የሚተኩሰው በእሱ ላይ ከሆነ ግዴለም፤ ወደ ደንገሉ ቢተኩስስ?

ያን ጊዜ ነው ዱላዋ ትዝ ያለችው፤ እግሩ ሥር ወድቃለች። ሰው መምጣቱን ላሳውቃቸው፣ እነሱ ይሽሹ፣ እኔን እንዳሻቸው ያድርጉኝ አለ። ሐሳቡ ደኅና ነበር። የሚመታውን ግን አላሰበበትም። ዱላዋን አነሣና የጀልባዋን ጠርዝ መታ። እጁ የሠላሳ ዓመት ልማዱን ነው የመታው፤ ሁለቴ አከታትሎ፣ ቆየት ብሎ አንዴ።

ሦስተኛዋ ሳትወጣ ምን እንዳደረገ ገባው። ዱላዋን አየር ላይ ሊይዛት ፈለገ፤ ወርዳ ነበር።

ከዚያ ከደንገሉ ውስጥ፣ ከፊት ለፊታቸው፣ ጥርት ብላ አንዴ ቋ!

ካድሬው ኑርዬን አየው፤ ኑርዬ በአገጩ ወደ ድምፁ አመለከተ። የሐይቅ ልጅ አይደል! ደንገሉ ተከፈለና ታንኳዋ ወጣች። ፊት ሐሰን ነበር፣ ከኋላው ታረቀኝ። ታረቀኝ ጠመንጃውን ሲያይ ውኃ ውስጥ ዘለለ፤ ሚሊሻው ከልጁ ራስ በላይ ተኩሶ አስወጣው። ሐሰን አልዘለለም። አባቱን አየው። «አብሽር፣ አባዬ» አለው ልጁ፤ ተነሥቶም ወደ ግልገሏ ተሻገረ። ታንኳቸውን ከኋላ አስረው ተመለሱ።

በሳምንቱ በተጠራው ስብሰባ ካድሬው ዘይኑን ወደ መድረክ አወጣው። «የገዛ ልጁን ለእናት አገር ጥሪ በገዛ እጁ ያስረከበ አርአያ አባት» ተብሎ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጠው። ጭብጨባው እንዳይቀር ታዝዟልና ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ ወይኒቱ ብቻ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ቀብራ ቆመች። ዘይኑ «እንዲህ አይደለም፤ ላስጠነቅቃቸው ነው ያንኳኳሁት» ይል ነበር ለእያንዳንዱ ሰው። ማን ይመነው? ለማስጠንቀቅ የሚያንኳኳ ሰው ልጁ የሚመልስለትን አመታት ይመታል? እውነት አላቸው፤ እኔም ብሆን አላምነውም ነበር። ወረቀቱን እንዳይቀደው ፈራ፤ እንዳይሰቅለው አፈረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ ጣራው ሥር ወሽቆ አስቀመጠው።

ግልገሏን በነጋታው አስረክቦ ወደ ታንኳው ተመለሰ። ሌላ ሾፌር ተሾመ፤ ባትሪውን መሙላት ሳያውቅ በዓመቱ ገደለው፤ ሞተሩም መጋዘን ገባ። ዘይኑ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንገል አፍ ላይ ሲያንኳኳ የሚመልስለት ሰው አጣ። ውስጥ ሰው እንዳለ ያውቃል፤ የልብስ ማጠቢያው አረፋ እየተንሳፈፈ ይወጣል። አይመልሱለትም። አንገቱን ደፍቶ ታንኳውን ያዞራል።

ፈዲላም አልመለሰችለትም። አልጮኸችበትም፣ አልረገመችውም፣ ወደ ወላጆቿም አልሄደችም። ምግቡን ታቀርብና ትወጣለች። «ፈዲላ» ሲላት እንደማትሰማ ትሆናለች። በሰማንያ ሁለት ከሐሰን ጋር በአንድ ሻምበል የነበረ የውጫሌ ልጅ ቆስሎ ተመልሶ መርዶውን ሲያረዳቸው እንኳ ለየብቻ ነው ያለቀሱት፤ እሷ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ፣ እሱ ደጅ።

እንዲህም ሆኖ ዘይኑ አንዲት መጽናኛ ነበረችው፤ ሌት ተቀን የሚደግማት። ልጄ ተታለለ እንጂ ለጠላት አልሰጠሁትም። ያቺ ድምፅ አልባ ዕቃ ናት ያታለለችው። መቅዘፊያ ስላልሰማ ብቻዬን ቂጣ ይዤ የመጣሁ መሰለው፤ ጠመንጃ እንዳለ ቢያውቅ ኖሮ አይመልስም ነበር። ጥፋቱ የሞተሩ ነው። በዚህች ነበር የሚበላው፣ በዚህች ነበር የሚተኛው።

ደርግ በወደቀ በወሩ፣ በሰኔ ሰማንያ ሦስት፣ ታረቀኝ መጣ። ከማሠልጠኛው ጠፍቶ አዋሽ በረሃ በጥጥ ለቀማ ተደብቆ ከርሟል። ከስቶ ጠቁሯል። እናቱ «እዚያ ቤት እግርህ እንዳይረግጥ» ብላው ነበር፤ እሱ ግን አሞሌና ስኳር ቋጥሮ ለቅሶ ሊደርስ ገባ። ፈዲላ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች፤ ዘይኑ መደቡ ላይ።

«ጋሽ ዘይኑ» አለ ታረቀኝ። «ሐሰን አንድ ቀን በርስዎ አዝኖ አያውቅም። ይህን ልነግርዎት ነው የመጣሁት።»

«በምን ያዝናል ልጄ፤ ተታለለኮ። ሞተሯን አልሰማችሁም።»

ታረቀኝ ግር ብሎት አየው። «ኧረ ሰምተናል! እዝዝ ትል የለ እንዴ ውኃው ሥር? እኔማ እንሽሽ፣ ግልገሏ ናት፣ ሰው ይዛለች ብዬ መቅዘፊያውን ይዤ ነበር። ደንገሉ ውስጥ ርቀን ነበርኮ፤ ሐሰን ባይመልስ አያገኙንም። ያን ጊዜ እርስዎ አንኳኩ። ሐሰን እጄን ያዘኝ። ‹አባዬ ውጡ እያለን ነው› አለ። ‹እምቢ ብንል የሚገድሉን ቢሆን ነው፤ ያለ ምክንያት አይጠራኝም። አባዬ ክፉ አያመጣብኝም› አለኝና መለሰልዎ።»

ዘይኑ ሁለት እጁን መደቡ ላይ ተከለ።

ታረቀኝ ያጽናና መስሎት ቀጠለ። ከማሠልጠኛው የጠፋ ቀን ለሁለት ነበር የተመካከሩት። አጥሩን ያየው ሐሰን ነው፤ ዘቡ የሚቀየርበትን ሰዓት የያዘውም ሐሰን። ሰዓቱ ሲደርስ ግን አልሄድም አለ። «አባዬ ነው አስረክቦ የሰጠኝ፤ ብጠፋ እሱን ያስሩታል። ሂድ፣ አንተን የሰጠህ የለም» አለው፤ የራሱን ካልሲ አውልቆ አልብሶት ሸኘው።

ታረቀኝ እጅ ነሥቶ ወጣ። ዘይኑ ልጁ ቢረግመው ይመርጥ ነበር። እርግማንን ሰው ይለምደዋል፤ ይህን ግን የት ያድርገው? ሦስት ዓመት ሙሉ የደገፈችው አንዲት ሐሰት በአንድ ለቅሶ ደራሽ አፍ ተነቅላ ሄደች።

ፈዲላ ከምድጃው ተነሥታ መጣችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ከሦስት ዓመት ወዲህ እንዲህ ቀርባው አታውቅም። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም።

«ሸጠኸዋል ብዬ ነበር» አለችው። «ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲያ ብዬ ስጠላህ ኖርኩ።»

ዘይኑ ይቅርታ የመጣ መስሎት ቀና አለ።

«እሱም እንደኔ ‹ሸጠኝ› ብሎህ ቢሆን ኖሮ» አለች ፈዲላ፣ «ልጄ ዛሬ ከታረቀኝ ጋር ይመጣ ነበር።»